ጉንጉኑን ሳምኩት

እኔና አበባ ብዙም አንተዋወቅም። አበባን ወይ ሙሽራ ትይዘዋለች፣ ወይ ሬሳ ሳጥን ላይ ይቀመጣል፤ በመሃል ያለነውን ሰዎች አይመለከተንም ብዬ ነው የኖርኩት። ባለቤቴ ሰብለ ከተጋባን ጀምሮ አንድ ጊዜ አበባ ገዝቼላታለሁ፤ እሱንም የገዛሁት ከቲማቲሙ አጠገብ ስለተቀመጠ ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው ነው ባለፈው ጥቅምት ከኦሮራ ዴንቨር፣ ከዴንቨር ሊትልተን አበባ ፍለጋ ሲኳትን የሰነበተው። ያውም አፍንጫውን በሶፍት ወትፎ።

ነገሩ የተጀመረው ከፍሪጅ ነው።

የምንኖርበት አፓርትመንት ውስጥ፣ ከእኛ በር ፊት ለፊት፣ ቢኖድ የሚባል ጎረቤት አለን። ከሚስቱና ከእናቱ ጋር ነው የሚኖረው። ኔፓልኛ ተናጋሪ ሂንዱዎች ናቸው፤ ከቡታን ተሰደው፣ ኔፓል ውስጥ ካምፕ ብዙ ዓመት ኖረው ነው እዚህ የመጡት። ቢኖድ ኤርፖርት ዊልቸር ይገፋል፤ እኔ ደግሞ ከኤርፖርት ሆቴል የሚያመላልስ ቫን እነዳለሁ። ብዙ ጊዜ እሱ ገፍቶ ያመጣውን ሰው እኔ ተቀብዬ እጭናለሁ። ወዳጅነታችን በቅብብል የቆመ ነው ማለት ይቻላል።

እናቱን «አማ» ነው የምንላቸው፤ በእነሱ ቋንቋ እናት ማለት ነው። አማ አጭር፣ ቀጠን ያሉ፣ ወገባቸው ያልጎበጠ ሴትዮ ናቸው። እንግሊዝኛቸው ሦስት ቃል ነው፦ «ኖ»፣ «ዌይት» እና «ኢት»። በሦስቱ ቃል ግን ሕንፃውን ያስተዳድሩታል። የሕንፃው ማናጀር በዘጠኝ ሺህ ቃል ያልቻለውን ማለቴ ነው።

አማ የአበባ ጉንጉን ይሠራሉ። በጸደይ ዘሩን በዘይት ባልዲዎች ይዘሩና ባልኮኒው ላይ፣ ደረጃው ሥር፣ ከፓርኪንጉ ዳር ይደረድሩታል። አበባው ሲደርስ ምንጣፍ አንጥፈው፣ እግራቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። ረጅም መርፌ፣ የታጠፈ ክር፣ አንድ ሳህን ውሃ። እያንዳንዱን አበባ ከሥሩ፣ አረንጓዴው ጋ፣ መሃል ለመሃል ይወጉታል፤ ትንሽ ወደ ጎን ካደላ ጉንጉኑ ይጣመማል። ወለል ላይ የወደቀ አበባ ተመልሶ አይገባም። እኔ ከሥራ ስመለስ በዚያ በኩል ሳልፍ፣ ሲሠሩ ለምን ፊታቸውን ዘወር እንደሚያደርጉ ይገርመኝ ነበር። ዓይናቸው ደክሞ ይሆናል ብዬ አለፍኩ። የሰው ልጅ ብዙውን ጥፋት የሚያጠፋው ይሆናል ብሎ ሲያልፍ ነው።

ባለፈው ጥቅምት፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ አማና ቢኖድ በራችንን አንኳኩ። አማ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ትልቅ ትሪ ይዘዋል።

«ሲስተር ሰብለ» አለ ቢኖድ፣ «ፍሪጃችሁ ውስጥ ሥጋ አለ?»

ሰብለ ፊቷ በራ። ወሩ ወርኃ ጽጌ ነው፤ የጽጌን ጾም ይዛለች። ለጾመኛ ከዚህ የበለጠ ጥያቄ የት ይገኛል? «ሥጋ የለም! እንቁላል የለም! ወተት እንኳ የለም!» አለች።

አሁን አንባቢ እንዳይታዘበኝ ልናገር። ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው። ሰብለ ፈቅዳለች፣ እኔ አልፈቀድኩም። ከሰናፍጩ ጀርባ፣ በፎይል የተጠቀለለ የዶሮ ክንፍ ነበረኝ። ሰብለ የትሪውን ቦታ ስታስተካክል ክንፌን ጃኬቴ ውስጥ ከተትኩና «መኪና ውስጥ የረሳሁት ነገር አለ» ብዬ ወረድኩ። ሰባት ክንፍ ፓርኪንግ ውስጥ ቆሜ ጨረስኩ። የሰው ሃይማኖት እንዳይረክስ ብዬ ነው እንጂ ርቦኝም አልነበረም።

ስመለስ ቢኖድ ጉዳዩን እያስረዳ ደረስኩ። ሐሙስ በዓላቸው ነው፤ እህት ለወንድሟ ዕድሜ የምትለምንበት ቀን። እህት ወንድሟን አስቀምጣ ሞት እንዳያልፍ በዙሪያው ዘይት ታንጠባጥባለች፣ ግንባሩ ላይ በሰባት ቀለም ምልክት ታደርግለታለች፣ ከዚያ አንገቱ ላይ ጉንጉን ታጠልቅለታለች። የጉንጉኑ አበባ ደግሞ ዝም ብሎ አበባ አይደለም። ክብ ነው፣ ሐምራዊ ነው፣ የሸሚዝ ቁልፍ ያህላል፣ ቢደርቅም አይጠወልግም፣ ቀለሙንም አይለቅም። የወንድም ዕድሜም እንደዚያው እንዳይጠወልግ ነው ምኞቱ።

የአማ ወንድም ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ዴንቨር ይገባል። አንድ ወንድም ነው ያላቸው። ሰባት ዓመት አልተያዩም።

የዚያን ሳምንት ብርድ ይወርዳል ስለተባለ አማ ያላቸውን አበባ ሁሉ እሁድ ጠዋት ቆርጠው ጨረሱ፤ ባልዲዎቹ ራቁታቸውን ቀሩ። ለበሩ የሚሰቀሉትን ቢጫ አበቦችና የወንድማቸውን ሐምራዊ ጉንጉን አንድ ትሪ ላይ አስተኝተዋቸዋል። የእነሱ ፍሪጅ የፍየል ሥጋ ሞልቶታል፤ ለአምልኮ የሚሆን ነገር ደግሞ ከሥጋ ጋር አያድርም። ሰብለ «በአበባ ጾም የአበባ አደራ! እግዜር ያመጣው ነው» ብላ ትሪውን በሁለት እጇ ተቀበለች።

እኔም «ቅዱስ ነገር እቤታችን ገባ» ብዬ ተኛሁ። ጣጣው እዚህ ላይ ነው።

የእኛን ሰው ታውቁታላችሁ። ቅዱስ ነገር አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም። የቤተክርስቲያን በር ይስማል፣ መስቀል ይስማል፣ መጽሐፍ ይስማል፤ ቁራሽ እንጀራ ወለል ላይ ቢወድቅ አንስቶ ስሞ ነው የሚያስቀምጠው። እኔ ሰኞ ጠዋት ውሃ ልጠጣ ፍሪጁን ስከፍት፣ መብራቱ በራና ትሪው ላይ አረፈ። ጨርቁ ሸርተት ብሏል። ሐምራዊው ጉንጉን ቁጭ ብሎ ያየኛል። የሰው ዕድሜ የሚለመንበት ነገር ነው፤ እንዴት ሰላም ሳልለው ውሃዬን ጠጥቼ እሄዳለሁ? ኮፍያዬን አወለቅኩ። እጄን ታጠብኩ። ይህንን ልብ በሉልኝ፣ እጄን ታጥቤአለሁ። ጉንጉኑን በሁለት እጄ አነሳሁና ሳምኩት። ግንባሬን አስነካሁ። አዙሬ በዚያኛውም በኩል ሳምኩት። አሁንም አዙሬ ሳምኩት። በመጨረሻ፣ የሠራው ሰው ልፋት ከንቱ እንዳይቀር ብዬ፣ እስከ ሳንባዬ ድረስ ሳብ አድርጌ አሸተትኩት።

አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ማለት ይኸው ነው።

ቀና ስል አማና ቢኖድ በሩ ላይ ቆመዋል፤ ቢጫዎቹን ውሃ ሊረጩ መጥተው ሰብለ ከፍታላቸው ነው። አማ የእንግሊዝኛቸውን የመጀመሪያ ቃል አወጡ።

«ኖ።»

ጮኸው አይደለም። በጣም ቀስ ብለው ነው ያሉት።

«ብራዘር፣ ምን አደረግክ?» አለ ቢኖድ።

«ሳምኩት። ለክብሩ።»

«በአፍህ?»

«በምን ይሳማል ታዲያ?»

ቢኖድ ግንባሩን ያዘ። ከዚያ እንደ ታናሽ ወንድም አስቀምጦ አስረዳኝ። አፍ የነካው፣ አፍንጫ ያሸተተው አበባ ተበልቶ እንደተረፈ ምግብ ነው የሚቆጠረው። የመጀመሪያው ሽታ የሚቀርብለት ነው፤ ለአማልክት ከሆነ ለአማልክት፣ በዚያን ቀን ደግሞ ለወንድም። አማ ሲሠሩ ፊታቸውን የሚያዞሩት ትንፋሻቸው እንዳይደርስበት ነው። የራሳቸውን አበባ፣ ከዘሩ ጀምረው ያሳደጉትን፣ አንድ ቀን አሽትተውት አያውቁም።

«ብናጥበውስ?» አልኩ።

«ኖ» አሉ አማ፣ ሳይተረጎምላቸው።

«የሳምኩትን ብቻ ብናወጣውስ?»

ቢኖድ ለእናቱ ነገራቸው። አማ ጉንጉኑን እያዩ አንድ ነገር ጠየቁ። «የቱን ነው የሳምከው ትላለች።»

እኔም አየሁት። «እ... ዙሪያውን።»

ሰብለ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ግን ሰው ሲሰጥም ያገኘውን እንደሚጨብጥ ሌላ መላ አመጣሁ። «እንግዲያው ይሄንን የወንድማቸው ፎቶ ላይ እንስቀልለትና ለሐሙስ ሌላ እንፈልግ።» ቢኖድ ደነገጠ። ለካ በእነሱ አገር ፎቶው ላይ ጉንጉን የሚሰቀልለት የሞተ ሰው ነው። አማ «ምን አለ?» ብለው ሲጠይቁት አልተረጎመላቸውም። ስለዚያ እስከዛሬ አመሰግነዋለሁ።

አማ ቢቆጡኝ በቀለለኝ። ወንበራችን ላይ ቁጭ ብለው ጣቶቻቸውን ማየት ጀመሩ፤ ጫፎቹ በአበባው ቀልመዋል፣ አውራ ጣታቸው ላይ የመርፌ ምልክት አለ። ዝቅ ባለ ድምፅ ጥቂት ተናገሩ። ቢኖድ ወደ እኔ ዞረና «አጎቴ ባለፈው ዓመት ልቡን ታሞ ነበር። ሰባት ዓመት ጉንጉን ስላላጠለቅኩለት ነው ትላለች። ዘንድሮ ይደርስለታል ብላ ነበር የሠራችው» አለኝ።

አፈርኩ። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ ማንም ሳይጠይቀኝ «እኔ አመጣለሁ። እስከ ረቡዕ እኔ አበባውን አመጣለሁ» ያልኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መመለስ የለም።

ሰኞ ከሺፍት ስወጣ በቀጥታ ወደ ሱፐርማርኬት ሄድኩ። አንዱን ሠራተኛ «ክብ፣ ሐምራዊ፣ ቶሎ የማይበላሽ ነገር እፈልጋለሁ» አልኩት። ሰውየው አሰብ አደረገና መርቶ ወስዶ ቀይ ሽንኩርት ፊት አቆመኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አበባ የሚለውን ቃል ዘልዬዋለሁ። አበባ ክፍል ስደርስ ደግሞ ሻጯ መልካም ሴት ናት፣ ያላትን ሁሉ እያነሳች ታሳየኛለች። ግን እያንዳንዱን ከመስጠቷ በፊት ወደ አፍንጫዋ! «አታሽቺው!» አልኩ ሳላስበው። እቅፍ አበባውን ለቀቀችው። ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ። ሦስት ቦታ ሄድኩ፣ ሦስቱም ቦታ ያው ነው። ሰው አበባ ሲይዝ እጁ ወደ አፍንጫው እንደሚሄድ በዚህ ዕድሜዬ ገና ያን ቀን አስተዋልኩ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነብኝ።

ሰኞ አመሻሹ ላይ የተባለው ብርድ መጣ። ማክሰኞ ጠዋት ስወጣ የከተማው አበባ ሁሉ እንደ ተቀቀለ ጎመን ተኝቷል።

ማክሰኞ ግን ቀናኝ። ዴንቨር ውስጥ የእጅ ሥራ ዕቃ የሚሸጥ ትልቅ ሱቅ ገብቼ፣ መደርደሪያ ላይ፣ በላስቲክ የታሸገ የደረቀ አበባ አየሁ። ክብ! ሐምራዊ! በቢኖድ ስልክ ካየሁት ፎቶ ጋር አንድ ነው። አራት ላስቲክ አንስቼ፣ ማንም እንዳያሸትብኝ እንደ ሰረቀ ሰው ጃኬቴ ሥር አቅፌ ወደ ካሸሯ ሄድኩ። ጥበቃው ከኋላዬ ቀስ እያለ ይከተለኛል። ከፍዬ ስወጣ እንኳ ደረሰኜን አይቶ ላስቲኮቹን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። በጣም ያዘነልኝ መሰለኝ።

እየበረርኩ አማ ቤት ደረስኩ። ላስቲኩን ቀደዱ። ቀረፋ! እንደ ገና ኬክ ሸተተ። ለካ ፋብሪካው ለቤት መዓዛ ብሎ ሽቶ ውስጥ ነክሮት ነው የሚሸጠው። አማ ሦስት ጊዜ አነጠሱ።

«ብራዘር» አለ ቢኖድ፣ «ይሄን እኮ ገና ፋብሪካ ሳለ ነው ያሸተቱት።»

አማ ግን ትከሻዬን ነካ ነካ አደረጉኝ። ይቅር ብለውኛል ማለት ነው። ይቅርታቸው ከንዴታቸው ይልቅ ከበደኝ፤ ተስፋ ሲቆርጡ ያየሁ መሰለኝና።

ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። ሰብለ ሻይ አቀረበችልኝና ከፊቴ ቆመች። «የምታውቀውን ነገር እኔ እንድነግርህ ነው የምትጠብቀው?» አለች።

አውቃለሁ። ከሰኞ ጀምሮ አውቃለሁ። ያ አበባ ያለው ሊትልተን፣ እህቴ ግቢ ነው።

ነገርን ነገር ያነሳዋልና ይህንን ልንገራችሁ። እትዬ ሙሉ ታላቅ እህቴ ናት፤ የልብስ ማስተካከያ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። ከሁለት ዓመት በፊት ሊትልተን ቤት ገዛችና የቤት ምረቃ ጠራችን። እኔ የሥራ ቫኔን ይዤ ሄድኩ። ፓርኪንግ ጠበበኝና ሪቨርስ ሳደርግ፣ የኋላ ጎማዬን በሩ ላይ ክረምቱን ሙሉ ተንበርክካ የተከለችው አበባ ላይ አወጣሁት። ክብ፣ ሐምራዊ አበባ። ይህም ባልከፋ። ግን ያ ሁሉ እንግዳ ፊት ምን አልኩ? «አበባ እኮ ነው እትዬ! ድንች ቢሆን ይቅርታ እጠይቅሽ ነበር።» ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ከዚያ ወዲህ እንኳን አደረሳችሁ የምንባባለው በሰብለ በኩል ነው። እኔም ይቅርታ ከመጠየቅ ይልቅ በዓመት ሁለት ጊዜ «ሰላም በያት» ማለት ቀለለኝ። ሰነፍ ሰው ኩራተኛ ይመስላል እንጂ ኩራት እንኳ አልነበረኝም።

ረቡዕ ጠዋት ኦፍ ነበርኩ። ሊትልተን ሄድኩና መኪናዬን ሁለት ብሎክ ርቄ አቆምኩ። በእግሬ ስደርስ ከበሩ ፊት ለፊት፣ የአበባው መደብ ላይ፣ ጋቢ ተዘርግቷል። እውነተኛ ጋቢ! ብርዱን ፈርታ አበቦቿን ጋቢ አልብሳቸዋለች። እኔ እንኳ እንደዚያ ተሸፍኜ አላደርኩም።

ደወልኩ። እትዬ ሙሉ ከፈተች። መርፌ ደረቷ ላይ ሰክታለች። ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«መኪናህን የት ነው ያቆምከው?»

በሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ቃሏ ነው።

«ሁለት ብሎክ ርቄ ነው፣ እትዬ።»

«ደግ።» በሩን አልዘጋችም፣ ግባም አላለችኝም። እዚያው ደረጃው ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፦ ፍሪጁን፣ አማን፣ ወንድማቸውን፣ ልቡን መታመሙን። ጉንጉኑን ስሜ፣ አዙሬ ስሜ፣ አሽትቼው የያዙኝ ቦታ ላይ ስደርስ ከንፈሯን ነከሰች። ቀይ ሽንኩርቱ ጋ ስደርስ አልቻለችም፣ ሳቀች። ግን ሳቋን ጨርሳ ተመልሳ ኮስተር አለች።

«እና ያኔ ‹አበባ እኮ ነው› ያልከው አሁን ምን ሆነ?»

ይሄንን ጥያቄ ነው የፈራሁት። «አጥፍቻለሁ» አልኩ። «ያን ጊዜ አጥፍቻለሁ። ተንበርክከሽ የተከልሽውን ነው የረገጥኩት። ከዚያም በሰው ፊት ቀለድኩብሽ። ይቅር በይኝ።»

ወደ ቤት ገባች። መቀስና ሰፌድ ይዛ ወጣች፣ ሰፌዱ ላይ ነጭ ነጠላ አነጠፈችና ጋቢውን ገለጠችው። አበባው አንድም አልጠወለገም። እኔ ልረዳት ስጎነበስ መቀሱን አሳየችኝ፤ ወደኋላ ተመለስኩ።

መቁረጥ ከመጀመሯ በፊት ግን ቀና አለች። «እኔ እኮ በየማለዳው አሸትተዋለሁ። ይቆጠራል?»

ለቢኖድ ደወልኩ። ቢኖድ ዊልቸር እየገፋ ለእናቱ ደወለ። መልሱ እስኪመጣ እትዬ ሙሉ መቀሷን ከፍታ፣ እኔ ትንፋሼን ይዤ ቆምን። ስልኩ ጠራ።

«አማ ምን አለች መሰለህ? ንቡም አሽትቶታል አለች። ግንዱ ላይ ሳለ፣ ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ ያሸተተ ሰው ከንቡ አይለይም አለች። ካሁን በኋላ ግን እንዳታሸት ንገራት።»

እትዬ ሙሉ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አስራ ቆረጠች። ስትጨርስ «ስጪኝ» ብዬ እጄን ብዘረጋ «ለአንተ?» አለችና ሰፌዱን ታቅፋ እራሷ መኪናው ድረስ ሄደች። እኔ አፍንጫዬን በሶፍት ወትፌ፣ ሁለቱንም መስኮት ከፍቼ፣ በዚያ ብርድ ነዳሁ። እስከ ኦሮራ ድረስ ስለ አነዳዴ የሰጠችኝን አስተያየት እዚህ አልጽፈውም፤ ወረቀት አይበቃም።

አማ ሰፌዱን ሲያዩ ብድግ አሉ። እትዬ ሙሉን እጇን ይዘው አስታጠቧት፣ ምንጣፉ ላይ አስቀመጧት፣ መርፌ ሰጧት። ሁለቱ ሴቶች የሚግባቡበት አንድ ቃል የላቸውም። አማ አንድ አበባ ወግተው አሳዩ፣ እትዬ ሙሉ አንዱን ወጋች፣ አማ አገላብጠው አዩትና በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። አለቀ፤ ከዚያ በኋላ አንዷ ከአንዱ ጫፍ፣ ሌላዋ ከሌላው ጫፍ፣ ፊታቸውን ዘወር አድርገው መስፋት ነው። አማ በየመሃሉ ጣታቸውን እያጠፉ ይቆጥራሉ፤ አንድ መቶ ስምንት መሙላት አለበት፣ ከዚያ ካለፈ ደግሞ እጥፉ።

እኔም ሥራ ጠየቅኩ። ክር እንዳስገባ ትርፍ መርፌ ተሰጠኝ። ቀላል ሥራ ነው። ክሩን ያዝኩ፣ ጫፉ ተበታትኗል፤ የተበታተነ ክር ምን ይደረጋል? እናቴም፣ እትዬ ሙሉም፣ አገር ሁሉ እንደሚያደርገው ጫፉን ላርሰው ወደ ከንፈሬ...

«ዌይት!» አሉ አማ።

«አፍህን!» አለች እትዬ ሙሉ፣ እጄን በጥፊ እየመታች።

ለዚህ ነው ለካ የሳህኑ ውሃ የሚቀመጠው። ክሩና መርፌው ተቀማኝ። አማ ተነስተው ከኩሽና በዘይት የተጠበሰ ክብ ዳቦ በሰሃን ሞልተው አመጡና ጥግ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጡኝ።

«ኢት» አሉኝ።

አፌ ሥራ አገኘ። እነሱም ሥራቸውን ሠሩ።

ከሰዓት በኋላ አማን ኤርፖርት ወሰድኳቸው። ቢኖድ በሺፍቱ ላይ ነበር፤ የዚያን ቀን ከአውሮፕላኑ በር ጀምሮ በዊልቸር ገፍቶ ያመጣው ሰው የገዛ አጎቱ ነው። ሰውየው ከስቷል፣ ሹራቡ ሰፍቶታል። አማ ሮጠው አልሄዱም። ቀስ ብለው ሄደው እጁን ያዙ፤ ኦሮራ እስክንደርስ አልለቀቁትም።

ሐሙስ እኔም፣ ሰብለም፣ እትዬ ሙሉም ተጠራን። ወንድምየው ምንጣፉ ላይ ተቀምጧል። አማ በዙሪያው ዘይቱን እያንጠባጠቡ ዞሩ። ግንባሩ ላይ ቀለሞቹን አንድ በአንድ ደረደሩ። ከዚያ ጉንጉኑን በሁለት እጃቸው አነሱት። እኔ ጥግ ላይ ሆኜ ክሩ እንዳይበጠስ በአምላክ ስም እለምናለሁ፤ በማንኛው አምላክ ስም እንደሆነ አልለየሁም። ሰውየው አንገቱን ዝቅ አደረገላቸው። አጠለቁለት። ጉንጉኑ እስከ ሆዱ ወረደ። በሁለት እጁ ይዞ መዘነውና አንድ ነገር አለ።

«ከባድ ነው አለ» አለ ቢኖድ።

አማ ሳቁ፤ ወዲያው ደግሞ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ሰብለ ሶፍት ብትሰጠኝ ከአፍንጫዬ ጋር ያላመድኩት ነገር ስለሆነ ወዴት እንደማደርገው ጠፋኝ።

ትንሽ ቆይቶ አማ ዓይናቸውን ጠርገው ከመደርደሪያው አንድ ሳህን አወረዱ። ከጉንጉኑ የተረፉ አበቦች ናቸው። ሳህኑን፣ መርፌውንና ክሩን እትዬ ሙሉ ጭን ላይ አስቀመጡና በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ።

እትዬ ሙሉ ተሽኮረመመች። «ዘይቱና ቀለሙ ይቅርብኝ በልልኝ፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ» አለችው ቢኖድን። «አበባውን ግን እሰፋለሁ።»

ሁላችንም እያየናት ሰፋች። አንድ አበባ፣ ሌላ አበባ፣ ቸኮል ሳትል። ሳህኑ ባዶ ሲሆን ቋጠረችውና ተነስታ መጣች። ዝቅ አልኩላት። ጉንጉኑ አናቴ ላይ ደርሶ ቆመ፤ በግንባሬ በኩል አልወርድ አለ፣ በኋላዬም አልወርድ አለ። ወደ ግራ ሞከረች፣ ወደ ቀኝ ሞከረች። የአማ ወንድም ሳቁን በእጁ ሸፈነ።

እትዬ ሙሉ አወረደችውና ጫፍና ጫፉን ይዛ አንገቴን በዓይኗ ለካች፤ ሱቋ ውስጥ የደንበኛ ኮሌታ እንደምትለካው ነው።

«አርባ አበባ ይጎድለዋል» አለች። «ለከርሞ ሌላ መደብ እጨምራለሁ።»